ጨው የላቬንደር ዘይትን አያሟሟም

እህቴ፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ባኞ ገንዳ ውስጥ ሁለት እፍኝ ጨው ላይ 15 ጠብታ የላቬንደር ኢሴንሻል ኦይል (ከተክሉ የሚወጣ ኃይለኛ የመዓዛ ዘይት) አድርገሽ ስትገቢ ብብትሽንና ጭንሽን ለበለበሽ፤ አለርጂ ይሁን ወይስ ዘይቱ ፎርጅድ ሆኖ ማወቅ ፈልገሻል፤ ለሦስት ዓመት ልጅሽም ይሆናል ወይ ብለሻል። ከሁለቱም በፊት ጨውሽን ጠርጥሪው።

ይህ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ጨው ላይ ሲንጠባጠብ የጠፋ ይመስላል እንጂ የጨውን ቅንጣት ከላይ ከመቀባት አያልፍም። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዘይቱ ብቻውን ይቀርና ይንሳፈፋል። አንቺ ስትቀመጪ ያ ያልቀጠነ ዘይት ሰውነትሽ ላይ ይለጠፋል። የሚያቃጥለውም ቆዳ ስስ በሆነበትና በሚታጠፍበት ቦታ ነው፦ ብብት፣ ጭን፣ ብልት አካባቢ። ሙቅ ውሃ ደግሞ ይብስ ያደርገዋል። ወተት፣ ማርና ቤኪንግ ሶዳም ከጨው አይሻሉም። ወተት ስብ አለው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ያለው ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ነው፣ ለሚጨመርበት ዘይት አስተማማኝ መያዣ አይሆንም። «ጨው ላይ 20 ጠብታ ጣል አድርጉ» እያሉ ቪዲዮ የሚለቁትን ሰዎች እዚያው ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር።

1. ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ወይም ሻምፑ አንድ የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር) በብርጭቆ ወይም በሸክላ ስኒ አድርጊ። ከ5 እስከ 6 ጠብታ ላቬንደር ጨምረሽ በደንብ አማስዪ። 20 ጠብታ ወደ 1 ሚሊ ሊትር ስለሚጠጋ ይህ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ለአዋቂ ይበቃል። የፕላስቲክ ስኒ ይቅር። የብርቱካን ዘይት የፎም ኩባያን በቁሙ ያቀልጣል።

2. ገንዳው ሞልቶ ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ፣ ልትገቢ ስትይ ጨምሪውና በእጅሽ አማስዪ። ውሃው እየወረደ ከጨመርሽው መዓዛው በእንፋሎት ያልቃል። ሙቀቱ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ፣ ቆይታው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ።

3. ድብልቁን ገንዳው ውስጥ ከመጨመርሽ በፊት ግን ትንሽ ወስደሽ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሞክሪው። ውሃው ቢደፈርስ ችግር የለውም። ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ከታየ ግን አልተዋሃደም፤ ሳሙናውን ጨምሪ። የመዋቢያ ጥሬ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ፖሊሶርቤት 20 የተባለውን፣ ዘይትን ከውሃ የሚያዋህድ ፈሳሽ ካገኘሽ ከሳሙናው የተሻለ ነው። ለ1 እጅ ዘይት ቢያንስ 4 እጅ፣ ለአንዳንዱ ዘይት 8 እጅ ይፈልጋል፤ ፈራጁ ያው ብርጭቆው ነው።

በሱፍ ወይም በሰሊጥ ዘይት ማቅጠንም ይቻላል፣ በዚያው ልክ፦ 6 ጠብታ ለአንድ የሾርባ ማንኪያ። ይህም ይንሳፈፋል፣ ግን የሚነካሽ ቀጥኖ ነው። መዘዙ ገንዳው እንደ ሳሙና ማንሸራተቱ ነው፤ ስትወጪ ጠርዙን ያዢ፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢው። ጨው ከወደድሽ ይህን ካደረግሽ በኋላ ለብቻው ጨምሪ። ገንዳ የሌለው ሰው እግሩን በሳፋ ሲነክር 2 ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል።

ላቬንደር ከገሮቹ አንዱ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኦሬጋኖና ጦስኝ ግን ባኞ ውስጥ በፍጹም አይገቡም፤ የእኛ ጦስኝ ዘይት ቲሞልና ካርቫክሮል በተባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ጠጅ ሳርም ሲትራል የተባለ ቆዳ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ይቅር። ሎሚ ላይ ልዩነት አለ፦ ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣው ዘይት ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ በእንፋሎት የወጣው ግን እንዲህ አያደርግም። ጠርሙሱ እንዴት እንደወጣ ካልነገረሽ እንደ ተጨመቀው ቁጠሪው፤ ከነካሽም ቢያንስ ለ12 ሰዓት ከፀሐይ ራቂ። ብርቱካን በዚህ አይታማም።

ለልጅሽ ምንም አታድርጊ፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በተለይ ባሕር ዛፍ፣ ፔፐርሚንትና ካምፎር ከትንሽ ልጅ ፊት አጠገብ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ከተዋጠ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። ጠርሙሱ ይቆለፍበት። ከዋጠ እንዳታስመልሺው፣ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ጠርሙሱን ይዘሽ ቀጥታ ወደ ሐኪም። እርጉዝ ከሆንሽም መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ፎርጅድ ነው ላልሽው፦ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ በማግስቱ እዪ። የቅባት ምልክት ከቀረ በምግብ ዘይት ተበርዟል። በሽቶ ኬሚካል የተሠራውን ግን ይህ አይለየውም፤ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቢ። የተክሉ የላቲን ስም (ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ) እና አገሩ ካልተጻፈ ሻጩን አትመኚው፣ የቱንም ያህል ቢምል።

አለርጂ ነው ወይ? ወዲያው አቃጥሎ በነካበት ብቻ ቀርቶ ከበረደ ማቃጠል ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚያሳክክ ሽፍታ ከመጣና በትንሽ ጠብታም ከተመለሰ አለርጂ ነው፤ ያኔ ላቬንደርን ለዘለዓለም መተው ነው። ሌላ ጊዜ ሲለበልብሽ ውሃ አትጨምሪ። ውጪ፣ በምግብ ዘይት በነከርሽው ጨርቅ ጥረጊ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። ዓይን ከገባ ግን በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ።

አሁን ቆዳሽ እስኪድን ተዪው። ከዳነ በኋላ 2 ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አቅጥነሽ የክርንሽ እጥፋት ላይ ትንሽ ቀቢና 48 ሰዓት ጠብቂ። ጠርሙሱ ከተከፈተ ዓመት ካለፈው ወይም መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከነበረ ሙከራውንም ተዪው፤ አየር የነካው ላቬንደር ከአዲሱ ይልቅ አለርጂ ያመጣል።