መልስ፦ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» ያስፈራል ወይስ ያሰለቻል?

«አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ ይላል፣ ሌላው ጊዜዬን በላው ይላል፤ ማንን ልመን?» ላልከው፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፊልሙ የሚያስፈራው እያስጠበቀ ነው። ካሜራው መኝታ ቤት ውስጥ ተተክሏል። ጋኔን የሚያስቸግራቸው ጥንዶች፣ ሚካና ኬቲ፣ ተኝተዋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። ከዚያ በሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይመለሳል። በቃ! ይህን ዝም ብሎ ያየ ሰው ፀጉሩ ይቆማል። ስልኩን እየነካካ ያየ ደግሞ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይዘጋዋል።

ዳይሬክተሩ ኦረን ፔሊ የቀረፀው አሜሪካ ሳንዲያጎ፣ በራሱ ቤት ውስጥ ነው። ወጪው 15 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ሲያሳዩት በዓለም ዙሪያ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ተዋንያኑ ንግግሩን እዚያው እየፈጠሩ ስለተጫወቱ፣ ጭቅጭቃቸው ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ይመስላል። እኔን ከጋኔኑ ይልቅ የያዘኝ እሱ ነው።

ሚካ ግን ያናድዳል። ኬቲ «ተው» ስትለው ጭራሽ ብሶበት ጋኔኑን ይተነኩሰዋል። ብዙ ተመልካች የሚያማርረውም በእሱ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መጨረሻውም ያከራክራል። ሲኒማ ላይ የታየው መጀመሪያ ከተቀረፀው የተለየ ነው። እኔ ትንሽ በዝቶብኛል፤ እንዳላበላሽብህ አልነግርህም።

ካየኸው ማታ፣ መብራት አጥፍተህ፣ በሄድፎን እየው። ነገር ሊመጣ ሲል የሚሰማ ወፍራም ጉምጉምታ አለ፣ የስልክ ስፒከር አያወጣውም።