ራማ ሰው ነው አምላክ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሂንዱዎች «አቫታራ» የሚሉት እኛ ሥጋዌ የምንለውን ነው?

መልስ፦ ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም። ቃሉ በሳንስክሪት «መውረድ» ማለት ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖታችንም «ወረደ እምሰማያት» ይላል። የኛው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቪሽኑ የተባለው አምላክ አቫታራ የሆነው ክሪሽና፣ በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በብሃጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 4 በየዘመኑ እንደሚወለድ ይናገራል። የሚገርመው፣ ጊታ ውስጥ አቫታራ የሚለው ስም ራሱ የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምሁራኑ የሚከራከሩት በምኑ ነው?

መልስ፦ ክርክሩ የሚጦፈው የልዑል ራማን ታሪክ በሚተርከው ጥንታዊ የሳንስክሪት ግጥም፣ በራማያና ላይ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1893 ከሰባቱ መጻሕፍት አንደኛውና ሰባተኛው በኋላ የተጨመሩ ናቸው አለ። ራማ ቪሽኑ መሆኑ ጎልቶ የሚነገረው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ነው። እንግዲህ ራማ መጀመሪያ ጀግና ነበር፣ አምላክነቱ በኋላ መጣ ማለት ነው። ጆን ብሮኪንግተንም በ1984 ቋንቋውን እየመረመረ ድርሰቱን በየዘመኑ ደረደረው።

በዚያው ዓመት ሼልደን ፖሎክ ተቃራኒውን ጻፈ። የራማ ጠላት፣ የአጋንንቱ ንጉሥ ራቫና፣ አማልክትም አጋንንትም እንዳይገድሉት ቃል ተቀብሏል፤ ሰውን ግን ንቆ ሳይጠቅስ ቀረ። ስለዚህ ገዳዩ ሰው መሆን አለበት፤ ተራ ሰው ደግሞ አይችለውም። እንግዲህ የራማ አምላክነት ከመጀመሪያው የታሪኩ አካል ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎን የትኛው ያሳምንዎታል?

መልስ፦ የፖሎክ። ስንኝ መቁረጥ ቀላል ነው፤ የራቫናን ቃል ኪዳን ስትነቅል ግን ታሪኩ አብሮ ይነቀላል።

ጥያቄ፦ በህንዷ ባሮዳ የወጣው የራማያና ማመሳከሪያ እትም ነገሩን አልቋጨውም?

መልስ፦ አልቋጨውም። ከ1960 እስከ 1975 የታተመው ይህ እትም የየአካባቢውን የእጅ ጽሑፎች ያመሳክራል። አንደኛው መጽሐፍ በሁሉም ዘንድ ስላለ አልወጣም። ከእጅ ጽሑፎቹ በፊት የተጨመረውን ግን ማመሳከር አያሳይም።

ጥያቄ፦ ራማ ራሱ አምላክነቱን ያውቃል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። የራማ ሚስት ሲታ ንጽሕናዋን ለማሳየት እሳት ውስጥ ስትገባ አማልክት ይመጣሉ። ራማ ግን ራሱን የሚያውቀው ሰው፣ የንጉሥ ዳሻራታ ልጅ አድርጎ እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ናራያና፣ ማለትም ቪሽኑ፣ መሆኑን የሚገልጥለት ፈጣሪው አምላክ ብራህማ ነው። እንደ ያኮቢ በድርሰቱ ውስጥ የየዘመኑን ንብርብር የሚፈልገው «ይሄው፣ የተሰፋበት ቦታ!» ይላል። በፖሎክ መንገድ ከሄድን ግን አለማወቁ ግድ ነው፤ ራቫና እስኪሞት ድረስ ራማ ከልቡ ሰው መሆን ነበረበት። ብራህማም የተናገረው ራቫና ከሞተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላው ታላቅ የህንድ ግጥም፣ ማሃባራታስ?

መልስ፦ እዚያ የሚወርደው ቪሽኑ ብቻ አይደለም፤ አማልክቱ በየድርሻቸው ይወለዳሉ። ምሁራኑ ማድሌን ቢያርዶና አልፍ ሂልተባይተል ድርሰቱን ሳይከፋፍሉ እንደ አንድ ሥራ ያነቡታል። እሱ ግን ሌላ ቀን ይሁን፤ ርዝመቱ የራማያናን አራት እጥፍ ያህል ነው።