ግዌንት ላይ ለምን ትበላለህ?

ጥያቄህን አነበብኩት። ዊቸር 3 የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ገና ጀምረሃል፤ ቬለን የሚባለው አካባቢ ደርሰህ የቦታው ጌታ ባሮኑ በጌሙ ውስጥ ባለው የካርድ ጨዋታ፣ በግዌንት፣ ደጋግሞ በልቶሃል፤ ሰይፍ የምታሳድስበት ክራውን (የጌሙ ገንዘብ) እንኳ አልቀረህም። «ካርዶቼ ደካማ ስለሆኑ ነው ወይስ ጨዋታው ያጭበረብራል?» ብለሃል። አያጭበረብርም። ካርዶችህ ደካማ መሆናቸው እውነት ነው፤ ዋናው ችግር ግን እሱ አይመስለኝም። ጌሙን ደጋግሜ ስለጨረስኩትና ጭራቅ ከማደን ይልቅ መጠጥ ቤት ውስጥ ካርድ ስጫወት የቆየሁት ሳይበልጥ ስለማይቀር፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ግዌንት ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ የሚወስድበት ጨዋታ ነው። አሥር ካርድ ይሰጥሃል፤ ሁለቱን መቀየር ትችላለህ፤ ከዚያ በኋላ በቃ። በዙር መሀል አዲስ ካርድ አይታደልም፤ የኖርዘርን ሬልምስ ዴክ (የካርድ ስብስብ) የያዘ ብቻ ዙር ሲያሸንፍ አንድ ካርድ ይስባል። አሥሩን ለሦስት ዙር ማብቃቃት የአንተ ፋንታ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ባሮኑ 52 ነጥብ ላይ ፓስ ይላል፤ በዚያ ዙር ካርድ ማውጣት አቆመ ማለት ነው። እልህ ይይዝሃል። አንድ ካርድ ትጥላለህ፣ 41። ሌላ ትጨምራለህ፣ 47። ሌላ፣ 55። ዙሩን ወሰድክ፣ ጎሽ! እጅህ ላይ ግን ሁለት ካርድ ቀረ፤ እሱ አምስት ይዞ እየጠበቀህ ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች አጨብጭበህ ትቀራለህ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር መሸነፍን ተለማመድ። የምሬን ነው። ሰውየው ገና ከጅምሩ ትልልቅ ካርዶቹን ካወረደ አትከተለው፤ ሁለት ሦስት ተራ ካርድ አስጥለውና ፓስ በል። የወጣ ካርድ ዙሩ ሲያልቅ ከገበታው ይነሳል፤ ለሚቀጥለው ዙር አያገለግለውም (የጭራቆች ዴክ ግን አንድ ካርድ ያስቀራል)።

አሁን ወደ ሰላዮቹ እንምጣ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። የሰላይ ካርድ የሚወርደው በተቃራኒህ በኩል ነው፤ ነጥቡም ለእሱ ይቆጠራል። በምትኩ አንተ ሁለት ካርድ ትስባለህ። መጀመሪያ ላይ በሚሰጥህ በኖርዘርን ሬልምስ ዴክ ውስጥ ሦስት ሰላይ ማሰባሰብ ይቻላል፤ ስቴኒስ 5 ነጥብ፣ ዳይክስትራ 4፣ ታለር 1። ሦስቱም እጅህ ገቡ እንበል። ስቴኒስን ስትጥል አንድ አውጥተህ ሁለት ስለምትስብ እጅህ 11 ይሆናል። በዳይክስትራ 12፣ በታለር 13። ለሰውየው የሰጠኸው 10 ነጥብ ብቻ ነው። አሁን ፓስ በል። እሱም እየተቀባበለ ሦስት ካርድ ስላወጣ የቀረው ሰባት ነው። አንድ ዙር ተሸንፈሃል፤ ግን 13 ካርድ ይዘህ ሰባት ከያዘ ሰው ጋር ሁለት ዙር ልትጫወት ነው። ከዚህ በኋላ መሸነፍ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ደስ የሚለው ደግሞ ሰውየውም ሰላይ ሲልክብህ ነው። የኒልፍጋርድ ዴክ የያዙት ይህን ይወዳሉ። ዲኮይ ካለህ እሱ የላከብህን ሰላይ ከገበታው አንስተህ እጅህ ታስገባለህ፤ በሚቀጥለው ተራ መልሰህ እሱ ላይ ትጥልና ሁለት ካርድ ትስባለህ። በገዛ ሰላዩ ማለት ነው! ዲኮይ ያየህበት ሱቅ ሁሉ ሳትከራከር ግዛ።

ሌላው፣ ዴክህን አታሳብጠው። ሕጉ ቢያንስ 22 ተዋጊ ካርድ ይላል፤ 22 ላይ ቁም። ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ ይከትና 35 ያደርሰዋል፤ ከዚያ «ሰላዮቼ አይመጡም» ብሎ ያማርራል። እንዴት ይምጡ? በማይረባ እግረኛ ተቀብረው! ልዩ ካርድ እስከ አሥር ይፈቀዳል፤ ለእኔ ግማሹ ይበቃል። ውርጭ ግን አይቅር። የጭራቆች ዴክ የያዘ ሰው አንድ ካርድ ጥሎ ቢጤዎቹን በሙሉ ከዴኩ ይጠራና የቅርብ ተዋጊውን ረድፍ ያጥለቀልቀዋል። አንድ ውርጭ ስትጥልበት፣ ልዩ ካርድ ከማይነካቸው የጀግና ካርዶች በስተቀር በዚያ ረድፍ ያለው እያንዳንዱ 1 ነጥብ ይሆናል። ያንተም ረድፍ እንደሚመታ ግን አትርሳ። ስኮርች የሚባለው ካርድም እንደዚሁ ነው፤ ገበታው ላይ ያለውን ጀግና ያልሆነ ትልቁን ካርድ ሲያቃጥል የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ስለ መደቡ። ነጋዴዎቹ ጋ ስትጫወት ትንሹን አስይዝ። ነጋዴን መጀመሪያ ስታሸንፈው የሚሰጥህ ካርድ መደቡ ቢያንስም ቢበዛም ይሰጥሃል፤ የምትፈልገው ደግሞ ካርዱን እንጂ ሳንቲሙን አይደለም። ብትሸነፍም የምትከስረው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ካርድህን ማንም አይነካብህም። ክራውን ስታገኝ መጀመሪያ ኋይት ኦርቻርድ (ጌሙ የሚጀምርበት መንደር) ያለችው የመጠጥ ቤት ባለቤት ጋ ሄደህ የምትሸጣቸውን የግዌንት ካርዶች ሰብስብ። ባሮኑን ለጊዜው ተወው። እሱን ስታሸንፍ የምታገኘው ያንኑ ዳይክስትራን ነው፤ ታሪኩ ቀድሞህ ባሮኑ ከቤቱ ቢጠፋም ካርዱን ቢሮው ውስጥ ታገኘዋለህ። ስለዚህ አትቸኩል። በጣም ካስመረረህ ሴቲንግ ውስጥ የግዌንቱን ክብደት ለብቻው ማቅለል ይቻላል፤ ነውር የለውም።

ዩቲዩብ ላይ ስትፈልግም ተጠንቀቅ። ከ2018 ጀምሮ ግዌንት ራሱን የቻለ ጌም ሆኖ ወጥቷል። እዚያኛው ላይ ረድፉ ሁለት ነው፤ በዙሮች መሀልም ካርድ ይሳባል። የዚያን ዘዴ እዚህ ካመጣህ ትበላለህ።

ኖቪግራድ ከተማ ስትደርስ ፓሲፍሎራ የሚባለው ቤት ውስጥ ውድድር አለ፤ መግቢያው 1000 ክራውን ነው። እዚያ ባሮኑ ላይ እንዳደረግከው ደጋግሞ መሞከር የለም። አንድ ጊዜ ከተሸነፍክ ተልዕኮው ተበላሸ ማለት ነው። ከመግባትህ በፊት ሴቭ አድርግ፤ ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ በኋላም ጌሙ ከፈቀደልህ እንደገና። ጠንቋይዋ ትሪስ ወደ ጭምብል ግብዣው ስትወስድህም ከእሷ ጋር ተንጠልጥለህ ዝም ብለህ አትለፍ፤ እዚያ ካርድ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ ግብዣው ካለቀ ተመልሰህ አታገኛቸውም።

እስከዚያው የዴክህን ፎቶ እዚሁ ለጥፈው፤ የትኛውን እንደምታወጣ ልንገርህ።