ሁሉንም ጀምሬ አንዱንም አልገፋሁበትም ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። በውሃ ቀለም ትስያለሽ፤ ኪሮሽ ትሰሪያለሽ፤ ጊታር ጀምረሻል፤ ሦስት ያላለቁ አጫጭር ልቦለዶች ኮምፒውተርሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ያለሽ ትርፍ ጊዜ ደግሞ በሳምንት 6 ሰዓት ገደማ ነው። "አንዱን ልያዝ ስል ሌሎቹ ያሳሱኛል፤ ሁሉንም ልያዝ ስል አንዱም ፈቅ አይልልኝም። ጊታሩን ሸጬ ልገላገል እንዴ?" ነው ያልሽው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዛው ነበርኩ። እንዲያውም የእኔ ፎቶ ማንሳት ተጨምሮበት አምስት ነበር።

"ከሁሉም የምትወጂውን ምረጪ" የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እኔን ይህ ምክር ለወራት አሽከርክሮኛል። ጥሩ ስዕል ያየሁ ቀን ስዕል እወዳለሁ። ጥሩ ጊታር የሰማሁ ማታ ደግሞ ከጊታር ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም። እውነተኛ ፍቅር ይሁን በሰው ችሎታ መቅናት፣ መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ ልቤን መጠየቅ ትቼ መቁጠር ጀመርኩ። ለአራት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት፣ የዛን ዕለት በእጄ የነካሁትን ነገር ብቻ የቀን መቁጠሪያ ላይ እጽፍ ነበር። ልስራ ብዬ ያሰብኩት አይቆጠርም። ቪዲዮውን ያየሁትም አይቆጠርም። (ስለ ስዕል ቪዲዮ ማየት መሳል እንዳልሆነ ለማመን ራሱ ሳምንት ፈጅቶብኛል።) ከ28ቱ ቀን 15ቱ ላይ ኪሮሽ ተጽፏል። ስዕል 6፣ ጊታር 4፣ ጽሑፍ 2። ካሜራ አንዴ።

በቁጥሩ ከሄድን ኪሮሽ አሸነፈ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኪሮሹን የምሰራው ደክሞኝ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተዘርግቼ ነው። በዚያ ሰዓት ስዕል ልሳል ብል ወረቀት አበላሽቼ ከመተኛት ሌላ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ኪሮሽ የማንንም ሰዓት አልወሰደም። ሌሎቹ የማይፈልጉትን ትራፊ ሰዓት ነው የተጠቀመው።

አንቺም መጀመሪያ ይህን ለዪ። የሚጣሉት ጭንቅላትሽ ንቁ የሆነበትን ሰዓት የሚሻሙት ብቻ ናቸው። ኪሮሽሽን ከውድድሩ አውጪው። አዲስ ዲዛይን እየቆጠርሽ የምትማሪ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የለመድሽውን ግን ፊልም እያየሽም ትሰሪዋለሽ። ብትሳሳቺም ክሩን ሳብ አድርጎ መፍታት ነው።

ካሜራውን እኔ ያለ ብዙ ሐዘን ተውኩት። እወደው የነበረው ሌንስ መግዛት እንጂ ፎቶ ማንሳት እንዳልነበር ያቺ አንድ ቀን ነገረችኝ።

ጊታር፣ ስዕልና ጽሑፍ ቀሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 6 ሰዓት ስትዪ እንዴት ነው የሚመጣልሽ? በየቀኑ 50 ደቂቃ ነው ወይስ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ሦስት ሰዓት? ይህን አልነገርሽንም። ለእኔ ግን ነገሩን የፈታው ይህ ጥያቄ ነው።

ጊታር የየቀን ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ የጣትሽ ጫፍ ያማል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትነኪው ነው ቆዳው ጠንክሮ ሕመሙ የሚለቅሽ። ኮርድ (ብዙ ክር አንድ ላይ የሚመታበት የጣት አቀማመጥ) መቀያየርም እንደዛው፤ እጅ የሚለምደው በድግግሞሽ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ የተጫወተ ሰው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሚታገለው ሰው ይቀድማል። እኔ ደግሞ የማነሳው ቅዳሜ ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣቴ ይቃጠላል፣ አስቀምጠዋለሁ፣ በሳምንቱ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ኤፍ ኮርድን የሞከረ ሰው ያውቀዋል። በአንድ አመልካች ጣት ስድስቱንም ክር መጫን አለብሽ። ዓመት ሙሉ አልጠራ ሲለኝ "በቃ ተሰጥኦ የለኝም" ብዬ ደመደምኩ። ምን ተሰጥኦ! በሳምንት አንድ ቀን ለሚነካው ሰው ጊታር መቼ ይታዘዛል?

የውሃ ቀለም ግልባጩ ነው። 20 ደቂቃ ዕቃ ዘርግቶ ለመሰብሰብ እንኳ አይበቃም። የመጀመሪያውን ስስ ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ትደርቢያለሽ። ቸኩለሽ በከፊል የደረቀውን ከነካሽው ይበላሻል። ስትሳሳቺም እንደ ዘይት ቀለም በላዩ ነጭ ቀብተሽ አትሸፍኚውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ረጅም፣ ማንም የማይጠራሽ ሰዓት ይፈልጋል። የእኔ ቅዳሜ ለዚህ የሚመች ነበር። ግማሹን ለጊታር እየሰጠሁ ሁለቱንም ሳስርብ ከረምኩ እንጂ።

ጽሑፍ መሃል ላይ ነው። ግማሽ ሰዓትም ይበቃዋል። ግን አምስት ስድስት ቀን ከራቅሽው የልቦለዱ ሰዎች ባዕድ ይሆኑብሻል፤ የት ላይ እንደተውሻቸው ለማስታወስ ከላይ ጀምረሽ ስታነቢ ሰዓቱ ያልቃል። ያላለቁት ሦስቱ ታሪኮችሽ ምክንያታቸው ይህ ሊሆን ይችላል።

እና በጊዜሽ ልክ የሚሆነውን አንዱን ያዢና ንቁ ሰዓትሽን በሙሉ ለስድስት ሳምንት ስጪው። የሚያልቅ ነገር ይኑረው። "ስዕል እማራለሁ" አይደለም፤ አንድ ስኒ ስድስት ጊዜ ስያለሁ በይ። እኔ ያንን ነው ያደረግኩት። የመጀመሪያው ስኒዬ ድንጋይ ይመስላል፣ ስድስተኛው ስኒ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ምርጫው ብዙም አላስቸገረኝም። (ስዕሉን ከያዝሽ፣ ሌላ ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ወረቀቱን ቀይሪ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚለውን ፈልጊ። ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። እኔ ለወራት ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር።)

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" ይባላል። ልክ ነው። ግን አንዱ ላይ ስለወጣሽ ሌላውን ዛፍ ማንም አይቆርጠውም። የተውሽውም ነገር ጨርሶ አይጠፋም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የለሽ ድምጾችን ደርድሮ በራሱ ላይ ሞከረ። የረሳውን ዝርዝር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ፈጀበት። የእሱ በቃል ስለማጥናት ነው፤ የእኔም እጅ ግን ወደ ጊታር ሲመለስ የሆነው እንዲሁ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ሳነሳው ጣቴ ለስልሶ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አሞኛል። ኮርዶቹ ግን ሁሉም ነበሩ።

ፈረንሳዮች "የአንግር ቫዮሊን" የሚሉት አባባል አላቸው። አንግር እ.ኤ.አ. ከ1780 እስከ 1867 የኖረ ትልቅ ሰዓሊ ነው። ቫዮሊንም ይችል ነበር፤ በወጣትነቱ ቱሉዝ ከተማ ውስጥ በኦርኬስትራ ተጫውቷል። ሕይወቱን የሰጠው ለስዕል ነው፣ ቫዮሊኑንም አልጣለውም። ዛሬ ፈረንሳዮች ከዋና ሙያ ጎን የሚያዝን ነገር በእሱ ቫዮሊን ይጠሩታል።

ስለዚህ ጊታሩን አሁን አትሽጪው። ስድስት ሳምንቱ ይለቅ። መያዣው ውስጥ ከተሽ ዓይንሽ የማያርፍበት ቦታ አስቀምጪው፤ ፊት ለፊትሽ ከቆመ በየቀኑ ይወቅስሻል። ፀሐይና ሙቀት ያለበት ቦታ ግን አይሁን፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የእኔ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው። እሁድ ማታ አወርደውና ግማሽ ሰዓት እጫወታለሁ። ኤፍ ኮርድ አሁንም አልፎ አልፎ አልጠራ ይለኛል፤ እኔም ብዙ አልቆጣውም።