ብሬሴን ካስወለቅኩ በኋላ ጥርሴ ተመልሶ ተደራረበ፣ መንጋጋዬም ይጮኻል

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካስወለቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሪቴይነሩን፣ ማለትም ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘውን፣ መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ አደርገው ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። አሁን የታችኛው የፊት ጥርሶቼ መደራረብ ጀምረዋል። በዚያ ላይ ሳዛጋ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል፣ ጠዋት ስነሳም መንጋጋዬ ዝሎ ነው የማገኘው። ብሬሱ ነው ያበላሸኝ? ድጋሚ ላስገጥም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

ጥርስ እንደ ሚስማር አጥንት ውስጥ ተመትቶ የቀረ ነገር አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ብሬሱ ጥርሱን ሲገፋ እነሱም ይለጠጣሉ። በተለይ ድድ አካባቢ ያሉት አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ አንድ ዓመት አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ እስከዚያው ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይጎትቱታል። ከዚያ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜው ሲጨምር የታች የፊት ጥርሶቹ እየተጣበቡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሪቴይነር ለጥቂት ወራት ብቻ ነው ያለሽ ሰው ካለ ትክክል አልነገረሽም፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለግሽ ድረስ ማታ ማታ ያስፈልግሻል።

የድሮው ሪቴይነር ካለሽ ሞክሪው። ጨመቅ አድርጎ ግን እስከ መጨረሻው ከገባ፣ ሐኪምሽን አማክረሽ መልሰሽ ማድረግ ትችያለሽ። ካልገባ በግድ አትጫኚው። ከጥርስሽ ጀርባ የተለጠፈ ሽቦ ካለሽ ደግሞ በምላስሽ ዳስሺው፤ ከአንዱ ጥርስ ላይ ተላቆ ከሆነ ሽቦው ራሱ ጥርሱን ወዳልሆነ አቅጣጫ ሊገፋው ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትዪ አሳዪው። መደራረቡ ትንሽ ከሆነ ሙሉ ብሬስ ላያስፈልግሽም ይችላል፣ በሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ የሚስተካከል ብዙ አለ።

ወደ መንጋጋሽ ስንመጣ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ዲስክ አለች። ከቦታዋ ሸርተት ብላ አፍሽን ስትከፍቺ ስትመለስ ነው ያ ቀጭታ የሚሰማው። ሕመም ከሌለውና አፍሽ እንደልብ ከተከፈተ ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶችም ብሬስ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር ያመጣል አይሉም፣ ያድናል አይሉም። የጠዋቱ ድካም እንዲያውም ሌሊት ጥርስሽን እንደምታፋጪ ወይም ነክሰሽ እንደምታድሪ ያስጠረጥራል።

ቀን ላይ ራስሽን ታዘቢ። ስልክ ላይ አቀርቅረሽ ወይም ሥራ ሲበዛብሽ የላይና የታች ጥርስሽ ተነካክቷል? ሳትበዪ ከሆነ መነካካት የለባቸውም፤ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይራራቅ። ማስቲካ ተዪ፣ ሕመም ባለበት ሰሞን ለስለስ ያለ ምግብ ብዪ፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭሽ ላይ ያዥ፣ ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊ። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይሻለዋል። ካልተሻለሽ ሐኪሙ ማታ ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ ወይም ፊዚዮቴራፒ ሊያዝልሽ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። መንጋጋሽን ለማዳን ብሎ ጥርስሽን ልሞርድ ወይም ብሬስ እንደገና ልግጠም የሚል ካለ፣ ሌላ ሐኪም ሳታማክሪ እሺ አትበዪ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

አፍሽ ተቆልፎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ ሦስት ጣትሽን ደርበሽ ማስገባት ካቃተሽ፣ ካበጠ ወይም ንክሻሽ (የላይና የታች ጥርስሽ አገጣጠም) ድንገት ከተቀየረ ግን ቶሎ ሂጂ። ስትሄጂም የድሮውን ሪቴይነርና ብሬሱ እንደወጣ የተነሳሽውን ፎቶ ያዢ፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደሄደ ሐኪሙ የሚያየው ከእነሱ ነው።