ስኳሩ «ቀለጠ» ወይስ «ሟሟ»?

ጥያቄ፦ ልጄ የሳይንስ የቤት ሥራዋ ላይ «ስኳር በሻይ ውስጥ ይቀልጣል» ብላ ብትጽፍ መምህሯ ሰርዘው «ይሟሟል» አሉት። ልዩነት አለው? «ሟሚ» እና «አሟሚ»ም ዘወትር ይምታቱባታል።

መልስ፦ አለው እንጂ፤ መምህሯ ልክ ናቸው። ለመቅለጥ ሙቀት ይበቃል። መጥበሻ ላይ የተጣደ ቅቤ ምንም ሳይጨመርበት ራሱ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ለመሟሟት ግን ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ አንደኛው በሌላው ውስጥ ዓይን እስከማይለየው ድረስ ይሰራጫል። የገበታ ጨው ብቻውን እንዲቀልጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ወዲያው ይሟሟል። ሻይ እየጠጣ «ስኳሩ ቀልጧል» የሚለውን ሰው አላርምም፣ ቤተኛ አነጋገር ነው። ደብተር ላይ ሲሆን ግን ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ ክስተቶችን ስለሚሰይሙ መለየታቸው ግድ ነው።

ሟሚና አሟሚን የምትለየው «አ» ናት። ጡት የሚጠባው ጠቢ፣ የምታጠባው አጥቢ እንደምትባለው ሁሉ፣ የሚሟሟው ሟሚ፣ የሚያሟሟው አሟሚ ነው። በሻዩ ምሳሌ ስኳሩ ሟሚ፣ ውሃው አሟሚ መሆኑ ነው። ሟሚው የግድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ በላይም ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠውን ኦአርኤስ እንውሰድ፦ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይገባሉ። አራት ሟሚ፣ አንድ አሟሚ።

ልጅዎ እንድትይዘው የምፈልገው ሌላም ነገር አለ፤ «አሟሚ» የውሃ የዘላለም ስም አይደለም። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ በመጠን የሚበልጠው አሟሚ ይባላል። አልኮሉ 70 በመቶ በሆነ የእጅ ማጽጃ ውስጥ አሟሚው አልኮሉ ነው፤ ውሃው ሟሚ ይሆናል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ስህተትም አለ፤ ጨውና ውሃ ሲገናኙ የሚገኘውን «ውህድ» ማለት። ወጥ የሆነ ድብልቅ እንጂ ውህድ አይደለም፤ ውሃው ሲተን ጨው ጨውነቱን እንደያዘ ድስቱ ላይ ይቀራል። ውህድ የሚባለው ለምሳሌ ውሃው ራሱ ነው፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በኬሚካዊ ትስስር ተጣምረው የፈጠሩት።