አፋፉ ላይ ቁጭ በሉ

ሰሜን ተራሮችን ፎቶ ለማንሳት ወይም ለመሳል የምትዘጋጁ ልጆች ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃ ትጠይቁኛላችሁ። የቱ ሌንስ ይሻላል? ድሮን ያስፈልጋል ወይ? እኔ ዕድሜዬን በእርሳስና በካሜራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዕቃው በፊት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እባካችሁ አንድ ቦታ ቆዩ።

ጠዋት ከደባርቅ ተነስቶ፣ የሳንቃበርን ካምፕ አልፎ፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስቶ መመለስ ተለምዷል። እንዲህ ተሮጦ ገደሉ አይታይም። ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ፊት ለፊት አትመታውም። ብርሃን የሚያገኙት ወደ ፊት የወጡት ጫፎች ናቸው፤ እሱም ጠዋትና ማታ፣ ከጎን። ያኔ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰው ላቫ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ይኼ ሁሉ ይጠፋል።

ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት እርሳስ ያዙ። ሥዕል አልችልም የምትሉትም ጭምር። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። እርሳስ የያዘ እጅ ግን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ የቱ ሸንተረር ይቅደም፣ የቱ ይቅር። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ፎቶ ሌላ ይሆናል። በቀለም የምትሠሩ ከሆነ የሩቁን ተራራ ከቅርቡ ድንጋይ ጋር እያስተያያችሁ ቀቡ። ከምታስቡት በላይ ፈዛዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል።

ጉም ከቆላው ሲነሳ ብዙ ሰው ዕቃውን ይሰበስባል። እናንተ አትነሱ። ጉሙ የኋላውን ሸንተረር ሸፍኖ የፊተኛውን ብቻውን ሲያስቀርላችሁ፣ ስትፈልጉት የዋላችሁት ሥዕል ያ ሊሆን ይችላል። ግን ዓይናችሁን ሌንሱ ላይ ተክላችሁ ወደኋላ አትራመዱ። አፋፉ ይቅርታ አያውቅም።

ጭላዳዎቹንም አታሳድዷቸው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ሣር ለመጋጥ ሽቅብ ይወጣሉ። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ራሳቸው ይቀርቧችኋል። አንድ ጭላዳ አፋፉ ላይ ሲቀመጥ የገደሉ ትልቅነት ያኔ ይገባል።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዋልያው እየቀነሰ፣ እርሻና ግጦሽ እየገፋ በመምጣቱ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ስለዚህ የምትሠሩት ሥራ ማስረጃም ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ከጀርባው ጻፉ። የሸንተረሩን ስም እረኛውን ወይም ስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁ፤ አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱን ራሳቸውን ልታነሱ ካሰባችሁ ደግሞ አስፈቅዱ። ፎቶውን እንልካለን ካላችሁም አትሙና ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ላኩላቸው።